ከፔሩ ባሕር ላይ የበቀለው አፍንጫ

ለውድ አክስቴ፤

ይህን ከማንበብሽ በፊት ወንበር ሳቢ። ተቀምጠሽ ከሆነም ደገፍ በዪ። በታላቅ ሐዘን የማረዳሽ ነገር አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በክብር የኖረው፣ ዶክተሮች በስሙ የሚምሉበት፣ አንድ የጣሊያን ሊቅ አሥራ አራት ገጽ ውዳሴ የጻፈለት አፍንጫ በጠና ታሟል። ነፍሱ የምትወጣው በአንቺ እጅ ነውና ከባዳ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። እኔ አላለቅስም፤ አንቺም አታልቅሺ። መጀመሪያ ሰላምታው ይቅደም።

እንደምን አለሽ? የተቀየረው ዳሌሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያስገባልሽ ብረት ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል ወይስ እሱም እንደ ባለቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ ለራሱ ይይዛል? ጡረታ ወጥተሽ የገባሽበት የፌርሆፕ ባሕርስ? ያ ቀበኛ ድመትሽ ዛሬም ከሰው ጀልባ ዓሣ ይሰርቃል? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ሃንትስቪልም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የተውሽልኝ ፒክአፕ ጠዋት ጠዋት እንደ ሽማግሌ ሦስቴ ስሎ ይነሳል። ጎረቤታችን ዌይሎን «የዚህ መኪና ወንበር ያሳፍራል፣ ጨርቅ አልብሰው» እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ አላለበስኩትም።

አንድ ልመና አለኝ። መሥሪያ ቤት ስትደውዪ ስልኩን ላነሳው ሰው ሁሉ «ንቡ አለ?» ማለቱን ተዪ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ፀጉራቸው የሸበተ ሊቃውንት በኮሪደር ሳልፍ «ዝዝዝ» ይሉኛል።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ። ይህን ነገር በስልክ ልጨርሰው አስቤ ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። በመጀመሪያው ቀን ገና «አፍንጫው» ከማለቴ «ዘይት እሳት ላይ ጥጃለሁ» ብለሽ ዘጋሽ። በሁለተኛው «ድመቱ ጣራ ላይ ወጣብኝ» አልሽ፤ ድመቱ ደግሞ እዚያው ጭንሽ ላይ ሆኖ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል! በሦስተኛው ጭራሽ ሰበብ መፈለጉም ደከመሽና «አፍንጫ ካነሳህ ጆሮ የለኝም» ብለሽ ጠረቀምሽው። እሺ። ጆሮ ከሌለሽ ዓይን አለሽ። ደብዳቤ ቢጠረቀምም መልሶ ይከፈታል።

ደግሞ ሁልጊዜ «ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጠህ ወንበር አሟሙቀህ ወጣህ፤ እኔ ባላስገባህ ኖሮ ማን ይቀጥርህ ነበር? የምትሠራውን እንኳ አታውቀውም» ትዪኛለሽ። አውቀዋለሁ። እነሆ ትምህርቴ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ሳተላይታችን ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል አንዴ ይዞራል። ሥራው ከሰማይ ዳርቻ የሚመጣ የጋማ ጨረር ብልጭታ መቁጠር ነው። ጣጣው ብልጭታውን ብቻ አለመቁጠሩ ነው። ከጠፈር የሚዘንበውን፣ ከምድር አየር ነጥሮ የሚመለሰውን፣ ከራሱ ከብረቱ የሚወጣውን፣ ሁሉንም ይቆጥራል። አላባማና ኦበርን በኳስ በሚጋጠሙበት ቅዳሜ ስታዲየም መሃል ቁጭ ብሎ የአንዲት ጉንዳን ሳል ለመስማት እንደመሞከር ነው። ይባስ ብሎ ከብራዚልና ከደቡብ አትላንቲክ በላይ የምድር የማግኔት አጥር የረገበበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ መቁጠሪያው ቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ የወረደ ያህል ይንጫጫል። ከወጣም በኋላ ብረቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ለብቻው ያጉረመርማል፤ ልክ አንቺ ተቆጥተሽ ከጨረስሽ በኋላ የወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ ጓ እያለ እንደሚቀመጠው።

ስለዚህ ያንን ቦታ በካርታ ላይ በመስመር አጥረነዋል። ከመስመሩ ውስጥ የተቆጠረ ነገር ሁሉ አይታመንም፤ ሳይነበብ ወደ ቆሻሻው መዝገብ ይጣላል። አጥሩን ያጠርሽው አንቺ ነሽ። እሰየው፣ ጥሩ አጥር ነው። ግን በምዕራብ በኩል አንድ ማዕዘን ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ከፔሩ ዳርቻ አልፎ፣ ባሕሩ ላይ ተዘርግቷል። አፍንጫው ማለት እሱ ነው። እዚያ ከዓሣ በቀር ምንም የለም። ሳተላይቱ ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር የቆጠረው ሁሉ ይጣላል፤ በቀን አሥራ አንድ ደቂቃ። በሃያ ዓመት ከአምስት ወር ሲባዛ ወደ ሃምሳ ሰባት ቀን ይሆናል። አሰብሽው? የሃምሳ ሰባት ቀን ንጹሕ ሰማይ ስንጥል ኖረናል።

ሰው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም መሰለሽ? ይጠይቃል። መልስም ሞልቷል፤ የቀረው እውነቱ ብቻ ነው። አለቃችን ዶክተር ኸርሸል ፔትዌይ «እዚያ ሌላ መሣሪያ የማያየው ቀጭን ጨረር አለ» ይላል። ሌላ መሣሪያ ካላየው አንተስ በምን አየኸው ስትዪው ይተክዛል። ጣሊያናዊው እንግዳ ደግሞ አንድ በጋ እዚህ ተቀምጦ፣ የኛን የተጠበሰ ዶሮ ሲበላ ከርሞ፣ አፍንጫው ለምን እዚያ መሆን እንዳለበት በአሥራ አራት ገጽ ቀመር አረጋግጦ ሄደ። ባዶ ባሕር ላይ! እኔ ያን ጊዜ የሣቅኩት ሣቅ እስከ ዛሬ ጎኔን ያመኛል።

ሣቁ ያበቃው በየካቲት ነው።

ማርጎ ቲቦዶን በስልክ ታውቂያታለሽ፤ አንቺ ጡረታ በወጣሽ በሳምንቱ የመጣችው የሉዊዚያናዋ ልጅ። ንዴቷ ከምትበላው በርበሬ ይብሳል። የዶክትሬት ሥራዋ ከአንድ ሰከንድ የማይበልጡ አጫጭር ብልጭታዎች ላይ ነው። አራት አግኝታለች፤ መርማሪዎቿ «አምስት ካልሆነ አንሰማሽም» ብለዋታል። የምትተዳደርበት ድጎማ ግንቦት ላይ ያልቃል። ካለቀ አለቀ፤ ወደ ላፋዬት ተመልሳ ከአባቷ ጋር ሽሪምፕ መልቀም ነው። አባቷ አሁኑኑ ቦት ጫማ ገዝቶላታል አሉ።

የካቲት አጋማሽ ላይ አምስተኛው መጣ። አንድ ሰከንድ እንኳ የማይሞላ፣ ቀጥ ያለ፣ በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ እንደቆመ ዛፍ ያለ። ሌሎቹ ሳተላይቶች በዚያች ቅጽበት ምድር ጋርዳቸው ነበር፤ ያየው የኛ ብቻ ነው። የት ሆኖ እንዳየው ንገሪኝ እስቲ? አፍንጫው ውስጥ! ቆሻሻው መዝገብ ውስጥ ወድቆ አገኘችው።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ማርጎ ወረቀቱን ይዛ የፔትዌይን በር በጉልበቷ ከፍታ ገባች።

«ዶክተር፣ ይኸውልህ! ይህ ብልጭታ ካልሆነ እኔም ማርጎ አይደለሁም።»

እሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምጽዋት ሳህን ሲያዞር በሚናገርበት ድምፅ፣ «ልጄ፣» አላት፣ «አጥር ውስጥ ያለ ሁሉ ኮከብ ይመስላል። ዛሬ ያንቺን ብቀበል ነገ አንዱ የብራዚልን በረዶ አፍሶ ያመጣልኛል።»

«ይህ ብራዚል አይደለም፣ አፍንጫው ነው! አፍንጫው ደግሞ ምንም የለበትም!»

«ያንን መስመር ያሰመረችው ሴት ያለ ምክንያት እስክሪብቶ አታነሳም ነበር።»

«እሺ፣ ምክንያቱ ምንድነው?»

«ጠይቄያታለሁ። የጡረታዋ ዕለት፣ ዓሣ ጥብሱ ላይ። ‹ምክንያት ነበረኝ› አለችኝና የጎመን ሰላጣ አቀበለችኝ።»

«እኔስ ለመርማሪዎቼ ምን ልበላቸው? ጎመን?»

ፔትዌይ ሕግ ጠቀሰላት። ያንኑ ያንቺን ሕግ፦ በተረኛ መዝገብ ላይ የጻፈው እጅ ራሱ ይሰርዛል፤ ሌላ እጅ አይነካውም፤ ስረዛውም በቀይ። ማርጎ ወጥታ የቆሻሻ ቅርጫቱን በእርግጫ አለችው። ቅርጫቱ የተገኘው ደረጃው ሥር ነው።

እኔ ታዲያ የማውቀውን አደረግሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ካርታ ታውቂው የለ? ማታ ከሥራ ስወጣ ለአፍንጫው ጢም ሠራሁለት። በማግስቱ መነጽር። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከሥሩ መሐረብ ለጠፍኩና «እባክዎ ሲያልፉ ይማርዎ ይበሉ» ብዬ ጻፍኩ። ለካስ ዓርብ ጠዋት እንግዶች አሉ፤ ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች። አንዷ ሴትዮ ካርታው ፊት ቆማ፣ «ዶክተር ፔትዌይ፣ ይህ ሰውዬ ማነው?» አለችው። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። እንግዶቹ እንደወጡ ጠርቶኝ፣ «ልጄ፣ አክስትህን ይህን ያህል ባላከብራት ኖሮ ዛሬ በመስኮት ነበር የምትወጣው» አለኝና ምድር ቤት አወረደኝ። ሠላሳ ስምንት ሳጥን አሮጌ የተረኛ መዝገብ። ገጽ በገጽ ስካን አድርግ አለኝ። ቅጣት መሆኑ ነው።

ከአቧራው የተረፈኝ ጉንፋኑ ብቻ አይደለም።

በአራተኛው ቀን፣ ከገና መብራት ጥቅል ሥር፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው መዝገብ አገኘሁ። ጽሑፍሽን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ተኮሳትሮ የቆመ ጽሑፍ። የጥቅምት መጨረሻ፣ ረቡዕ። እንዲህ ይላል፦ «ፀሐይ አብዳለች፤ ጨረር ትረጫለች። አጥሩ በምዕራብ በአንድ ማዕዘን ለጊዜው ይስፋ። ዓርብ አየዋለሁ፤ ከበረደች እሰርዘዋለሁ።»

ለጊዜው! አክስቴ፣ ለጊዜው ነው ያልሽው! እዚያ አቧራ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ጮህኩ። ጣሊያናዊው አሥራ አራት ገጽ የደከመበት፣ ፔትዌይ እንደ ጸሎት የሚደግመው ነገር፣ የሦስት ቀን የፀሐይ እብደት ነበር። አንቺስ? ምግብ የበላሽበትን ሹካ ሳታጥቢ የማትተኚው፣ «የጀመረ ይጨርሳል» ብለሽ ኮሌጁን ስተወው ለስድስት ሳምንት ያኮረፍሽኝ፣ አንቺ አንዲት ማዕዘን ሳትሰርዢ ሃያ ዓመት! ደስታዬን አልደብቅሽም። በዚያው ቀን ስልክ አንስቼ ደወልኩልሽ፤ ልቀልድብሽ። ዘይቱ እሳት ላይ ነው አልሽ።

ከዚያ በኋላ ነው ገጹን የገለጥኩት።

ዓርብ ጠዋት ጽፈሻል፦ «ፀሐይ በርዳለች። ምዕራቡ ንጹሕ ነው፤ ሁለቴ አረጋግጫለሁ። ከምሳ በኋላ ይሰረዛል።» ከሥሩ፦ «ስምንት ሰዓት ከአሥር። ስልክ።» ሌላ ቃል የለም። የቀረው ገጽ ባዶ ነው። የሰኞው ጽሑፍ የፔትዌይ ነው፤ ዛሬ መጻፉንም ረስቶታል፦ «የለችም። ስትመጣ ራሷ ትሰርዘዋለች።» ቀጥሎ ሦስት ሳምንት የሌላ ሰው እጅ። ስትመለሺ ሰው ሁሉ አጥሩ አፍንጫ ይዞ የተወለደ መስሎታል።

ዓርቡ ልጆች እንስሳና ጭራቅ መስለው የሚለብሱበት የሃሎዊን ዕለት ነበር። ቀኑ ከላይ ተጽፏል።

እኔ የዚያን ጊዜ አምስት ዓመቴ ነው፤ ብዙ አላስታውስም። ዲኬተር ያለውን መዋዕለ ሕፃናት አስታውሳለሁ። ሁላችንም እንስሳ ሆነን ነበር። አንበሳውን እናቱ ወሰደችው። ሁለቱን ጥንቸሎች አባታቸው ወሰዳቸው። መምህሯ ስልክ ይዛ ወጥታ ስትመለስ ዓይኗን ከእኔ ታሸሽ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ክንፌ እየቆረቆረኝ ተቀመጥኩ። ከዚያ በእናቴ ፈንታ አንቺ በዚሁ በሰማያዊ ፒክአፕ መጣሽ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያሽ አንገትሽ ላይ ነበር። ጆሮሽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክተሻል። «ማን ነው ይሄ ንብ?» አልሽ፤ ድምፅሽ ተቆራርጦ። መንገድ ላይ ምንም አላወራሽኝም፤ ሳለቅስብሽ ግን እስክሪብቶውን ከጆሮሽ ነቅለሽ ሰጠሽኝ። ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ሞነጨርኩት። አልተቆጣሽኝም። ያኔ ብቻ ነው ያልተቆጣሽኝ።

ዌይሎን «አልብሰው» የሚለኝ ያንን ወንበር ነው።

እና አክስቴ፣ ለፔትዌይ «ምክንያት ነበረኝ» ማለትሽ ውሸት አይደለም። እኔ የምልሽ ይህን ያህል ነው። ሌላውን ዘይቱ ላይ ጣጂው።

አሁን ሥራ። ገጹን ለማንም አላሳየሁም፤ ለማርጎም። ባሳይስ ማን ያምነኛል? ገና ጡረታ ሳትወጪ በአንቺ ጽሑፍ «ሳተላይቱ ስለደከመው ዓርብ ሁሉም ይረፍ» የሚል ማስታወሻ ለጥፌ ግማሹ ሰው ቤቱ አልቀረም? ፊርማሽን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እየፈረምኩ ነው ያደግሁት፤ የሒሳብ ውጤቴን አይተሽው የማታውቂው ለምን ይመስልሻል? ከአንቺ እኔ አሳምሬ እፈርመዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ጭረት ባደርግበት ፔትዌይ ራሱ ይምልልኛል። አንድ ምሽት አንስቼም ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ይህን አንዱን ያንቺ እጅ ይሥራው።

ስብሰባው ሰኞ ነው። ማርጎ ለመጨረሻ ጊዜ ትለምናለች፤ ፔትዌይ ለመጨረሻ ጊዜ መነጽሩን ይጠርጋል። ቀኑ ደግሞ የኤፕሪል መባቻ፣ ዓለም ሁሉ የሚቀላምድበት ዕለት! በዚያ ቀን እኔ ተነስቼ «እውነቱን አግኝቻለሁ» ብል በቅርጫት ነው የሚደበድቡኝ። ስለዚህ መዝገቡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አዎ፣ ሰርቄ ነው። ገጹ ላይ ወረቀት ሰክቻለሁ። እስክሪብቶውንም በላስቲክ አስሬዋለሁ፤ ቀይ ነው፣ ሞክሬዋለሁ፣ ይጽፋል። አንድ ጭረት፣ ፊርማሽ፣ በቃ። ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ሕጉን አይቼዋለሁ፤ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ለፔትዌይ የምትነግሪውን አንቺ ታውቂያለሽ። ጎመንም ቢሆን ይበቃዋል።

በፖስታ ከላክሽው አይደርስም። እሁድ ጠዋት እኔ ራሴ በፒክአፑ እመጣለሁ። ስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሦስቴ ቢስልም ይደርሳል። ዳሌሽ ካላስቸገረሽ አብረሽኝ ትመጫለሽ፤ ካስቸገረሽም መዝገቡን ይዤ እመለሳለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ ጠብቂኝ። ብዘገይም እመጣለሁ። አይዞሽ፣ ቁጭ ብለሽ አትቀሪም።

እስከዚያው እግዚአብሔር ዳሌሽን ያጽናልሽ፤ ብረቱን ከዝገት፣ ድመቱን ከጀልባ ባለቤቶች ይጠብቅልሽ። ቁጣሽ አይጉደልብኝ። ጆሮሽም ይመለስልሽ።

ደግሞ መርዶ ብዬ በመጀመሬ ልብሽ ደንግጦ ከሆነ ይቅር በዪኝ። እውነቱን ለመናገር ማንም አልሞተም፤ ነገሩም እንዲህ የሚያስጽፍ አልነበረም። ብልጭታዋ ስትለካ ከአንድ ሰከንድ እንኳ ታንሳለች።

የእህትሽ ልጅ፣
ንቡ